የጎደለውን ሞልቼዋለሁ

ግንቦት 30

እህት ዓለም፣

የወሩን የዝናብ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ አሽጌ ልኬልሻለሁ። ድሮ ፖስታውን የሚከፍተው ያ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ጸሐፊ ስለነበር ከወረቀቱ ሌላ ምንም አልጨምርበትም ነበር። አሁን እሱ ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ላንቺ ከደረሰ፣ በቢሮ ፖስታ ወንድምና እህት ቢጨዋወቱ ማን ይከሰናል? ሹፌሩ፣ ያ ፍሬን የለሽ የምንለው፣ ለእኔ ባይሆንም ለማኅተሙ ሲል ያደርሰዋል። ስልኩን ተዪው። የኮረብታው ምሰሶ መብራት ካጣ ሦስት ወሩ ነው፤ በደህናውም ጊዜ ቢሆን እላዩ ላይ ወጥቶ «ይሰማሻል?» እያሉ ከመጮህ ሌላ ትርፍ አልነበረውም።

ስለ ሹመትሽ ደስ ያላለው የለም። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። «ልጄ የአገሩን ዝናብ ያዘች» ነው የምትለው፤ የምትጽፊው እንጂ የምታዘንቢው አንቺ እንዳልሆንሽ ባስረዳትም አልገባ አላት። ጎረቤቶቹ ደግሞ ከሷ ብሰዋል። የውሃ ቦቴና የከብት መኖ የሚላክላቸው ወረዳዎች ዝርዝር ከእናንተ ቢሮ ቁጥር ተነስቶ እንደሚወጣ ስለሰሙ፣ በየቀኑ «እህትህ ወረቀታችንን አየችው ወይ?» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። ታየዋለች፣ ዓይኗ ደህና ነው እላቸዋለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሰማዩ ይዳምናል። አንድ ሁለት ጊዜም ሲያጉረመርም ሰምተነዋል። ከብቶቹን በተመለከተ፣ ቦቃዋ ላም ትንሽ ከስታለች። እኔም ከስቻለሁ፤ ለሁለታችንም ያምርብናል። ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ ስለተዘጋ እቤት ናቸው። የእማዬ ሳል ቀንሶላታል። ወረቀቱ ላይ ያየሽው እድፍ ላብ ነውና አትቆጪኝ። የዝናብ መለኪያ ጣሳውን የማየው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ በሦስት ሰዓት ደግሞ እዚህ ያለችው ፀሐይ ቀትር መስሏት ነው የምትወጣው።

ሌላ ወሬ የለኝም። ብርድ እንዳይመታሽ፣ እዚያ ብርድ አለ ይባላል።

ያው ወንድምሽ


ሰኔ 19

ወንድም ጋሼ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ግን እንዲህ ያለውን መግቢያ የማመልከቻ ወግ ትለዋለህ። ስለዚህ በአንድ ቃል ውሰደው፤ ናፍቃችሁኛል።

ክፍሌ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮትና እስከ ጣራው የተደረደሩ ፋይሎች አሉት። ከሰማንያ በላይ ጣቢያ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ እንዳንተ ያለ አንድ ጣሳ የሚለካ ሰው አለው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ የጀርባ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የአገሩ ዝናብ ሁሉ በእጄ የሚያልፈው እኔ፣ ደጅ መዝነቡን የማውቀው ሰው ጃንጥላ እያራገፈ ሲገባ ነው። ሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ማንም የለም። የሽማግሌው ጸሐፊ ትራስ ግን እስካሁን ወንበሬ ላይ አለ፤ አስወግዱልኝ ማለት ከበደኝና እላዩ ላይ ቁጭ እላለሁ። አለቃዬ ጥሩ ሴት ናት፤ ሆኖም የጫማዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ ሁላችንም ወገባችንን እናቃናለን።

ስለ ወረቀቱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ሥራ እንደሚበዛብህ፣ ከብቶቹን ራቅ አድርገህ እንደምታሰማራ አውቃለሁ። ማንም ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሊሆን አይችልም። አትጨነቅ፣ የጎደለውን ሞልቼዋለሁ። ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ ፋይሉም ንጹሕ ሆኖ ወደ ላይ ወጥቷል። ብቻ በሚቀጥለው ወር እንደምንም ሞክር።

ባለመምጣቴ አትዘኑብኝ። ወንበሩ አዲስ ስለሆነ እስከ መስከረም ፈቃድ አይሰጠኝም። ሰማዩ ይዳምናል ማለትህ ትልቅ እፎይታ ነው የሆነልኝ፤ እዚህ ስለሌሎች ወረዳዎች የሚወራው ያስፈራል። ደግሞ የእማዬ ሳል «ቀንሷል» ስትል ቆሟል ማለትህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ እያድበሰበስክ ነው? ይህን ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

እህትህ


ሐምሌ 27

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን ለእማዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። «የጎደለውን ሞልቼዋለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አንስታ ታስቆመኛለች፤ ከዚያ ድገመው ትለኛለች። ጎረቤቶቹም መጥተው ሰምተዋል። ብረት ሠሪው ምን ማለቷ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ቢሮ የራሱ ቋንቋ አለው፣ የኛን ችግር በእነሱ ቋንቋ አስተካክላ አስገባችልን ማለት ነው ብዬ አስረዳሁት። ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ሳወራ ታውቂኝ የለ። ብቻ ሁሉም መርቀውሻል። የምርቃቱን ብዛት ብጽፈው ፖስታው አይዘጋም።

ሞክር ያልሽውንም ሰምቻለሁ። አሁን ከክንዴ ሥር ጨርቅ አንጥፌ ነው የምጽፈው፤ የዚህ ወር ወረቀት ወሩ አልቆ ሲደርስሽ እድፍ አይኖርበትም።

እኛ የወንዙን አሸዋ በመቆፈር ላይ ነን። በሰኔ ክንድ ተኩል ላይ ይገኝ የነበረው ውሃ አሁን ቁመቴን አልፎ ወርዷል። አንዱ ከታች በጣሳ ይጨልፋል፣ አንዱ ከላይ ይጎትታል፤ አንድ ጀሪካን እስኪሞላ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ጨርሰን ወደ ድሮው እንመለሳለን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወንዶቹ ከቤት ቤት እየዞርን ከብት እናነሳለን። ተኝታ ያደረች ላም በራሷ መነሳት ሲያቅታት፣ ሁለት ሰው ከሆዷ ሥር እንጨት ያስገባል፣ አንዱ ጭራዋን ይይዛል፣ ከዚያ በአንድ ድምፅ ወደ ላይ ነው። ከቆመች ትውላለች። እኔ ቤት የምትነሳው ቦቃዋ ብቻ ስለሆነች ሥራው አይበዛም።

ሚስቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ትልቁ ወንዝ ዳር ወዳሉት ዘመዶቿ ወርዳለች። ልጆቹ ትንሽ ይጫወቱ ብለን ነው። እማዬንም አብረሽ ሂጂ ብለን ለምነናት ነበር፤ እንቢ አለች። ምክንያቷን ስትመጪ እሷው ትነግርሻለች። ሳሉ ቆሟል። ምግብ ስሰጣት ጠግቤያለሁ ትለኛለች፤ መቼ እንደበላች እሷ ናት የምታውቀው።

አሁን ቁም ነገሩን ንገሪኝ። ቦቴው መቼ ነው የሚመጣው? ቀኑን ካወቅሽ ቀኑን፣ ካላወቅሽም ሳምንቱን ጻፊልኝ። ሰው እየጠየቀኝ መግቢያ አሳጥቶኛል።

ወንድምሽ


ነሐሴ 21

ወንድም ጋሼ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። የክረምቱን ካርታ ለማድረስ ሁላችንም ወዲያ ወዲህ ስንል ነበር የሰነበትነው።

ስለ ቦቴ ስትጽፍ ግራ ገባኝ። ካርታው ባለፈው ሳምንት ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። የተቸገረው ወረዳ ቀይ፣ የሚያሰጋው ቢጫ፣ ደህናው አረንጓዴ ነው። እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት የኛን ነው። አረንጓዴ ሆኖ ሳየው ተመስገን አልኩ። ቀዩ ከተራራው ወዲያ ነው፤ ቦቴውም መኖውም የሚሄደው ወደዚያ ነው። ታዲያ ጎረቤቶቹ የሚጠብቁት የትኛውን ቦቴ ነው? ልጆቹስ በክረምት ለጨዋታ ተብሎ ያን ያህል መንገድ ይሄዳሉ?

ከላይ ያለውን ጽፌ ፖስታውን ልዘጋ ስል ፍሬን የለሽ የሐምሌውን ወረቀትህን ይዞ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ወንበር ሰጠሁት። ወደ እናንተ ያለው መንገድ እንዴት ነው ብዬ እንደዋዛ ጠየቅኩት።

«እኔ አሁን መንገዱን የምለየው በሬሳ ነው» አለኝ። የከብት ማለቱ ነው። «ሌላው ሰፈር ነቅሎ ሄዷል። ያንቺ ሰፈር ሰው ግን ቦቴ ይመጣል ብሎ ቁጭ ብሏል። ምን ብለሻቸው ነው?»

 እሱ እንደወጣ ፖስታውን ቀደድኩት። ሠላሳ መስመር ላይ ሁለት ቁጥር ነው ያለው። ወንድም ጋሼ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ባዶ የተውካቸው ቀናት ጣሳውን ሳታየው የቀረህባቸው ናቸው፣ ወይስ አይተህ ምንም አጥተህ ነው? ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላ ነበር፤ በደብዳቤ ጆሮህን ማየት አልቻልኩም። እባክህ ይህን አንዱን ብቻ ሳትቀልድ መልስልኝ።

ከእማዬም በራሷ ቃል አንድ ነገር ጻፍልኝ። ትንሽም ትሁን።

እህትህ


መስከረም 3

ደብዳቤሽን ይዤ ጣሳው አጠገብ ቁጭ ካልኩ ቆየሁ።

ሳታየው የቀረህ ትይኛለሽ። አባባ ከሞተ ጀምሮ ያንን ጣሳ ሳላይ የዋልኩበት ጠዋት የለም። በታመምኩ ጊዜ እንኳ ሚስቴ ደግፋኝ ወጥቼ ነው ያየሁት። አባባ ያስተማረኝ እንዲህ ነው፤ ውሃ ያገኘህ ቀን ለክተህ ጻፍ፣ ያላገኘህ ቀን መስመሩን እለፈው። ለሌለ ዝናብ ቀለም አላባክንም ይል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ እየጻፈ ሲልክ ያ ሽማግሌ ጸሐፊ አንድም ቀን ይህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀውም። አንቺ በስምንት ዓመትሽ ለትምህርት ወደ አክስታችን ስለሄድሽ አባባ ሲጽፍ አላየሽም። ባዶ መስመር ባዶ ጣሳ ነው። ከሚያዝያ ወዲህ ጠብ ያለው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም አቧራውን ያላበረደ።

የሞላሽው በምንድን ነው?

እኔም የደበቅኩሽን ላውጣው። ሁለቱ በሬዎች በግንቦት ሞቱ፣ ጊደሯ በሰኔ። ማሽላው ከጉልበቴ ሳያልፍ ነው የደረቀው። ቦቃዋን ባለፈው ረቡዕ አነሳናት፣ እጃችንን ስንለቅ ወደቀች፣ ሁለተኛ አላነሳናትም። ልጆቹም ለጨዋታ አልሄዱም። ትልቋ የጉድጓዱን ውሃ ጠጥታ ሆዷ አልቆም ስላላት እናቷ ታናሿን አዝላ፣ እሷን እየደገፈች በእግር ወሰደቻቸው። መድረሳቸውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልሰማሁም።

ያልጻፍኩልሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ያለን ሰው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ፣ ሥራሽን ጥለሽ ብትመጪ ዝርዝሩን ማን ያይልናል ብዬ ነው።

ስለ እማዬ አሁን አታስጽፊኝ። የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።


መስከረም 9

ወንድም ጋሼ፣ ፍሬን የለሽ ከታች ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ ይህችን ብቻ ያዝ። የሞላሁት ባለፉት ዓመታት አማካይ ነው። አሁን ወደ አለቃዬ እየገባሁ ነው። የሆነውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ።


መስከረም 19

ወንድም ጋሼ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እንደ ሥራ ሪፖርት አድርጌ ብጽፈው ይቀለኛል፤ ቀላል መስሎኝ እንዳይመስልህ።

እዚህ ደንብ አለ። ከአንድ ጣቢያ ወረቀት ላይ ከአሥር ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ለኪው ሥራውን ትቷል ይባልና ጣቢያው ይዘጋል፣ ለኪውም ይሰናበታል። የሚያዝያ ወረቀትህ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ ባዶ። አንተን ታዘብኩህ። ሰነፈ አልኩ። አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ጣሳ ወንድሜ በአራት ዓመት ጣለው ብዬ አፈርኩብህ። ብጠይቅህ ትዋረዳለህ ብዬ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ታናሽ እህት ታላቅ ወንድሟን ሥራህን ለምን አትሠራም ብላ ትጽፋለች? ስለዚህ የአባባን የድሮ ወረቀቶች አወጣሁ። በእሱ ዘመን የዘነበውን ደምሬ፣ አካፍዬ፣ በየመስመርህ ላይ አዘነብኩት። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። ግንቦትንም፣ ሰኔንም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ በኋላ ሥራ ሆነ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ሽማግሌው ጸሐፊ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሬዲዮ ሲጠግን ነበር። የጣቢያችንን ቁጥር ስነግረው ቀና ሳይል፣ «እሱማ ባዶው ዜሮ ነው። የሰውየው ዓመል ነው፣ እኔ ስገለብጥ ዜሮ አደርግለት ነበር» አለኝ። ከዚያ እጁ ቆመ። «ሳልነግርሽ ወጣሁ እንዴ?» አለኝ።  ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሳልነካው ተነሳሁ።

አለቃዬ ሰምታ በሩን ዘጋችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ቀስ ብላ፣ ከዚህ ወር ጀምሬ ትክክለኛውን እንድጽፍ፣ ያለፈውን እንድተወው መከረችኝ። ዝርዝሩ በታኅሣሥ ይታደሳል፣ ወረዳው ያኔ ራሱ ይገባል፣ እኔም እንጀራዬን አላጣም፣ ማንም አያውቅም። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። አንተን አልዋሽህም፤ ለአፍታ ያህል እሺ ልል ነበር። ወንበሩን አሰብኩት፣ ደመወዙን አሰብኩት፣ እናንተስ በምን ትኖራላችሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ግን፣ «እስከ ታኅሣሥ እዚያ ማን ይቆያል?» አልኳት።

 «ቁጥሩን ከራስሽ አምጥተሽ እንደጻፍሽ ከፈረምሽ እኔ ላድንሽ አልችልም» አለች።

ፈረምኩ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አምስት ቀን ዞረ። ማክሰኞ ዕለት የኛ ወረዳ ቀይ ሆኖ ተለጠፈ። አንዱ ባልደረባዬ ካርታው ፊት ቆሞ «ይህ ደግሞ በአንድ ወር እንዲህ ሆነ?» ሲል ሰማሁት። አራት ቦቴና ሁለት የጭነት መኪና መኖ በ26 ይነሳል፤ ትእዛዙን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ዛሬ የክፍሉን ቁልፍ አስረክቤያለሁ።

ጥቅምት 15 እመጣለሁ። ይቅርታ ብዬ ብጽፍ ወረቀቱ ራሱ የሚታዘበኝ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ልበልህ። ለእማዬ ግን አንተ እንዳትቀድመኝ። እኔው ራሴ እግሯ ላይ ወድቄ እነግራታለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ልቧ ይሰበራል።

እህትህ


ጥቅምት 7

እህት ዓለም፣

ይህ ደብዳቤ ካልቀደመሽ መጻፌ ከንቱ ነው። ፍሬን የለሽ በእጅሽ ሊያስረክብሽ ቃል ገብቶልኛል። ከመሳፈርሽ በፊት አንብቢው። ቆመሽ አታንብቢው።

ቦቴዎቹ መስከረም 28 ደረሱ። እንዳልሽው አራት ናቸው። ሰው ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምቶ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ፤ ግን የሮጠ የለም፣ መሮጫ ጉልበት ያለው አልነበረም። ብረት ሠሪው የመጀመሪያው ቦቴ ጎማ ላይ እጁን ጭኖ ሲያለቅስ አየሁት። መኖው በማግሥቱ መጣ። ከሰፈሩ ከብት ለመኖው የደረሱት አሥራ አንድ ናቸው።

እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው ቤታችሁ ስንት ሰው አላችሁ አለኝ። አንድ አልኩት።

እማዬ ነሐሴ 11 ሞተች። ሐምሌ ላይ ስጽፍልሽ ነበረች። መስከረም ላይ አታስጽፊኝ ስልሽ ግን ወር ሊሞላት ሦስት ቀን ነበር የቀራት። እንዲህ ያለ ወሬ በፖስታ አይላክም ብዬ ነው ብልሽ ያምራል፤ ግን ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩን ጥለሽ እንዳትመጪ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ አንቺ በየደብዳቤው ስለሷ ስትጠይቂ ከመጀመሪያው አለመናገሬን ፈራሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ስትመጪ ከሰፈሩ መስማትሽ አይቀርም፤ ከእኔ ይሻላል። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ስትነሳ እማዬን ለምነናታል ብዬሽ ነበር። ጓዟን አስሬ ምርኩዟንም አዘጋጅቼላት ነበር። እንቢ ያለችው ባንቺ ደብዳቤ ነው። «ልጄ የጎደለውን ሞልቻለሁ ብላለች። ቦቴው መጥቶ ቤቱን ባዶ ካገኘው ስማችንን ይሰርዙታል፤ ቤት ሰው መኖር አለበት» አለች። ብረት ሠሪውም፣ ሌሎቹም በዚያው ቃል ነው የቀሩት። የድርሻዋን ውሃ ግማሹን ለቦቃዋ ታጠጣ ኖሯል። አንድ ጠዋት ደረስኩባትና ተቆጣኋት። «እሷ እስከ ነገ አትደርስም፣ እኔ ግን ነገ ቦቴው ሲመጣ እጠጣለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ቆየች። አልተሰቃየችም፤ ይህን ላጽናናሽ ብዬ አይደለም የምልሽ፣ እንዲሁ እየደከመች ነው የሄደችው። በመጨረሻ የጠየቀችኝ ከመንገድ በኩል ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ነው።

ተናድጄብሻለሁ። የመስከረም 19ኙን ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ስምሽን ማሰብ አስጠላኝ። ያልጠየቅሽኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ ያቺን ብትጠይቂኝ ኖሮ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን የራሴ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝ። ሰማዩ ይዳምናል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሬዎቹ በሞቱበት ወር ስለ መክሳት የቀለድኩት እኔ ነኝ። አንዲት እውነተኛ መስመር ጽፌልሽ ቢሆን ኖሮ ያንን አማካይ ከመጻፍሽ በፊት ብዕርሽን ትጥይው ነበር። ታላቅ ነኝ ብዬ አንቺን ልጠብቅ፣ አንቺ ታናሽ ነኝ ብለሽ እኔን ላታሳፍሪ፣ ተያይዘን እማዬን ገደልናት። ይቅር ብዬሻለሁ ወይ ካልሽኝ አላውቅም። ምናልባት አንቺም እኔን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብሽ ይሆናል።

ከሚስቴ ትናንት መልእክት መጣልኝ። ትልቋ ልጅ አገግማለች። አሁን አይመለሱም፤ ምን አለና ይመለሳሉ።

አሁን የምልሽ የመጨረሻው ነው። ሰፈሩ ስለ ቁጥሩ ምንም አያውቅም። ቦቴውን ያመጣሽው አንቺ እንደሆንሽ ነው የሚያውቁት፤ እሱም እውነት ነው። በ15 እንደምትመጪ ከፍሬን የለሽ ሰምተው መንገድ ዳር ወጥተው ሊቀበሉሽ ተነጋግረዋል። ብረት ሠሪው በዚህ ክረምት አባቱን ቀብሯል፤ እሱ ነው ሁሉንም የሚያስተባብረው። ልነግራቸው ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሳስበው ይህ የእኔ ቃል አይደለም። ሌላ ነገር ደብቄ ሌላ ሰው እንዲሞት አልፈልግም፣ ግን ያንቺንም ከአፍሽ አልነጥቅም።

ከመኪናው ስትወርጂ ሊያቅፉሽ ይመጣሉ። ከማቀፋቸው በፊት ንገሪያቸው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።

ወንድምሽ